ጣፊያዬ የመሰከረብኝ ሰሞን

ሰኞ፣ ኖቬምበር 3

የልብ ሐኪሟ ዶክተር ኖጋ «ደረትህን መቼ መቼ እንደሚያምህ ደብተር ላይ ጻፍ» ብላኛለች። ልጄ ኦርታል ወዲያው ሄዳ ይህን ደብተር ገዛችልኝ። ሽፋኑ ላይ ድመት አለበት። በስልሳ ስድስት ዓመቴ ድመት ያለበት ደብተር ይዤ ተቀምጫለሁ።

ዛሬ አላመመኝም። ይኸው ጻፍኩ።

ወደ ቤት ስንወጣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ትንሽ ቆሜ ነበር። የጎረቤትን አበባ ለማየት ነው። ሚስቴ ደብሬ ከኋላዬ ቆማ «አበባው ፕላስቲክ ነው» አለች። ፕላስቲክስ ቢሆን? የሠራው ሰው ለፍቶበታል።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 4

አላመመኝም። ከአውቶቡስ ስወርድ ነፋስ ነበር። ነፋስ ደግሞ ማንንም ያቆማል።

ሥራዬ ገበያ ማዕከል በር ላይ ሾሜር ነው፤ ጥበቃ ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ቦርሳ ከፍቼ አያለሁ። አንድ ጊዜ ሕይወት ያለው ኤሊ አግኝቼ አላሳልፍም ብዬ ተጣልቻለሁ። አሁን ደግሞ ሌሎች የእኔን ደረት ከፍተው ሊያዩ ነው። የሥራ ባልደረባዬ ዮራም ልቡ ውስጥ ሁለት ስቴንት አለው። ስቴንት ማለት በጠበበው የደም ሥር ውስጥ ገብቶ ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ የሽቦ ቱቦ ነው። እንደ ወታደር ማዕረግ ይኮራበታል። «አንተስ ስንት ይገባልህ ይሆን?» ይለኛል፣ ቢንጎ እንደሚጫወት ሰው።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 6

ቸኩያለሁ። ሲቲ የሚሉትን የልብ ፎቶ ተነሣሁ። ልቤ እንዲረጋ ክኒን። ክንዴ ላይ መርፌ። መድኃኒቱ ሲገባ ገላዬ ሁሉ ሞቀ፣ ሱሪዬንም ያረጠብኩ መሰለኝ። አላረጠብኩም። በእጄ አጣርቻለሁ።

ማሽኑ «ትንፋሽ ያዝ» ይላል። ያዝኩ። «ልቀቅ» እስኪል ድረስ ጸሎት ጀምሬ ጨረስኩ።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 10

ደብሬ ተኝታለች። እኔ እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ ራት ላይ ብዙ በልቼ ነው።

ዛሬ የሲቲውን ውጤት ሰማን። ዶክተር ኖጋ የልቤን ሥዕል ስክሪን ላይ አዞረችው። አያያዟ ገበያ ላይ ሐብሐብ የምትመርጥ ያስመስላታል። ልብ የሚመግቡት ሥሮች ሦስት ቦታ ጠበዋል። የፊተኛው ትልቁ ሥር በጣም ጠቧል። ከዚያ ወደ ኦርታል ዞር ብላ በፍጥነት በዕብራይስጥ «ይሄኛው ድንገት ከተዘጋ ሆስፒታል ሳይደርስ ሊሞት ይችላል» አለቻት። ኦርታል ወደ እኔ ዞረች።

«አባ፣ ትንሽ ጠበብ ብሏል ነው የምትለው። እርስዎ ምንም አይጨነቁ።»

ልጄ በዕብራይስጥ ስትቆጣኝ አንተ ትለኛለች፣ በአማርኛ ስታባብለኝ ግን እርስዎ ነኝ። እኔ በፈረንጅ ከዘጠና አንድ ጀምሮ በዚህ አገር ዕብራይስጥ ሲጮህብኝ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አንድ ቃል አላመለጠኝም። ነገር ግን «እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ። በልጅቷ አልፈርድም። በእኛ ዘንድ ክፉ ወሬ ለበሽተኛው ፊት ለፊት አይነገርም፣ ለዘመድ ይነገርና ዘመድ ቀስ እያለ ያደርሰዋል። ያስተማርናት እኛ ነን። አምኗል ብላ እንድትተኛ እኔም ያመንኩ መሰልኩላት።

ዶክተሯ እንደምትለው የቀዶ ጥገና ሐኪሞች ይህን ሥዕል ብቻ ቢያዩ ደረቴን ከፍተው፣ ከእግሬ ሥር ወስደው፣ የጠበቡትን ሁሉ የሚያልፍ አዲስ መንገድ መሥራት ሊመርጡ ይችላሉ። እኔ አልከፈትም። የአጎቴ ልጅ አባይ፣ እዚሁ ቤት ኤሊዔዘር ሰፈር የሚኖረው፣ ተከፍቶ ነበር። ያን ሰሞን ሲስቅ ደረቱን በትራስ አቅፎ ነበር የሚስቀው። እኔ ደግሞ ሳቅ የማበዛ ሰው ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ትራስ ተሸክሜ በር ላይ ልቆም?

ዶክተር ኖጋ ግን አልቸኮለችም። «ሲቲው ቧንቧው የት እንደጠበበ ያሳያል» አለች። «ውሃው ማሳው ላይ መድረስ አለመድረሱን ግን አያሳይም። እሱን የሚያሳየው ፔት የሚባል ሌላ ፎቶ ነው። ሁለቱን አንዱን ባንዱ ላይ ደርበን እናይና ያኔ እንወስናለን። መክፈት፣ ስቴንት፣ ወይም ክኒን ብቻ።»

ወደድኳት። ኦርታል ስልክ ላይ ጮኻ ቀጠሮውን ለዚህ ሐሙስ አስመጣችው። ከፔቱ በፊት ሙሉ ቀን ቡና የለም፣ ሻይ የለም፣ ኮላ የለም፣ ቸኮሌት የለም። ደብሬ ቡናውን ከመደርደሪያው አንሥታ የት እንዳደረገችው እግዜር ይወቅ።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 12

ነገ ፔት። ቤታችን ከጠዋት ጀምሮ የቡና ሽታ የለም።

ከሰዓት በኋላ ጊቫት ኦልጋ ሰፈር ለቅሶ ደረስን። የወዳጃችን የእመት ብዙዬ ባለቤት አረፉ። ደግ ሰው ነበሩ። ደብሬ ከሴቶቹ ጋር ውስጥ ክፍል ገባች፣ እኔ ከሽማግሌዎቹ ጋር ሳሎን ተቀመጥኩ። ጥቂት ቆይተው እመት ብዙዬ ራሳቸው፣ ዓይናቸው አብጦ፣ ሲኒ ይዘው ከፊቴ ቆሙ። «አያና፣ እሱ ይወድህ ነበር፤ ቅመስለት» አሉኝ። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ። ባል የሞተባቸው ሴት ፊት «ይቅርብኝ፣ ነገ ፎቶ አለብኝ» ይባላል? ተቀበልኩ። ሁለተኛውንም አመጡ።

አሰብኩበት። የለቅሶ ቤት ቡና ለሀዘኑ ነው የሚጠጣው፣ ለአፍ አይደለም። ሐኪሞቹ የከለከሉት ሰው ደስ ብሎት የሚጠጣውን ነው።

ለደብሬ አላነሣሁባትም። ሀዘን ላይ ነበረች።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 13

ነርሷ ሊሮን ትባላለች። «ቡና ጠጥተሃል?» አለችኝ። «ዛሬ ጠብታ በአፌ አልዞረም» አልኳት። «ትናንትስ?» «ቤታችን ቡና ከነጭራሹ አልተፈላም» አልኩ። እውነቴን ነው። ጻፈችው።

ከዚያ ልብ ተኝቶ ሳለ ሩጫ ላይ እንዳለ እንዲሆን የሚያደርግ መድኃኒት በክንዴ ሰጡኝ። ከእኔ በፊት የገባው ወፍራም ሰው ፊቱ ቲማቲም መስሎ እያለከለከ ነበር የወጣው። እኔ ምንም። የጣራውን ኒዮን እያየሁ ተኛሁ። ሊሮን ገርሟት «ምንም አይሰማህም?» አለችኝ።

«ጎንደሬ ነኝ» አልኳት።

እሑድ፣ ኖቬምበር 16

ድል! ኦርታል ከሥራ ቦታዋ ደወለች። ፔቱ ደሙ በሁሉም በኩል ይደርሳል ይላል። መክፈት የለም። ለጊዜው ክኒን ብቻ። ለዮራም ነገርኩት፤ ቅር ያለው መሰለኝ።

ዶክተር ኖጋ ግን ሙሉ በሙሉ ደስ አላላትም። «ሁለቱ ሥዕሎች አልተስማሙልኝም፤ እንደገና አያቸዋለሁ» ብላለች። ሲቲው በጣም ጠቧል ይላል፣ ፔቱ ምንም የለም ይላል። ባልና ሚስትም ይኸው ነው፤ ሁለቱን አስማማለሁ ያለ ሰው ሲጨርስ አይቼ አላውቅም።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 20

ስግድ፣ የኅብረተሰባችን የፆምና የጸሎት በዓል። ሌሊት ተነሥተን ከከተማችን ከሀደራ በአውቶቡስ ኢየሩሳሌም ወጣን። ሰዉ ነጭ ለብሶ ወደ ላይ ወጣ፣ የቄሶቹ ጥላዎች ከሩቅ አብረቀረቁ። እኔ አውቶቡሱ ውስጥ ቀረሁ፣ የሰዉን ቦርሳ ለመጠበቅ። ሾሜር ነኝ፤ ልማድ ነው። ከመስኮቱ ሆኜ ጸለይኩ፣ መስኮት ለጸሎት አያግድም።

ደብሬ ስትመለስ ቆማ አየችኝ። «የማንን ቦርሳ ነው የምትጠብቀው? ሁሉም ይዞ ወጥቷል።»

ዞር ብዬ አየሁ። ወንበሮቹ ባዶ ነበሩ።

ፆም ስለያዝኩ ደክሞኝ ነው አልኳት። እሷም ፆም ይዛ ነበር።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 25

በር ላይ። ጠዋት። አንዲት ሴት ቦርሳዋን ከፈተችልኝ፣ ሳላይ አሳለፍኳት። ደረቴ ላይ ሰው የተቀመጠ መሰለኝ። ትልቅ ሰው አይደለም። መካከለኛ።

ተነሣ፣ ሄደ።

ዮራም ወንበር አምጥቶልኝ ወደ ውጭ ወጣና ስልክ አነሣ። «ኦርታል፣ ዛሬም ነጭ ሆኗል» ሲል ሰማሁት። እኔ ነጭ? ይህ ሰው ዓይኑንም ይመርመር።

ለደብሬ አልነገርኳትም። ፔቱ ደህና ነህ ብሎኛል። ከማሽን ጋር አልከራከርም።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 27

ይህን ሙሉውን መጻፍ አለብኝ፣ አለዚያ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ዶክተር ኖጋ በአስቸኳይ ጠራችን። እኔ፣ ኦርታልና ደብሬ ተደርድረን ተቀመጥን። ስክሪኑ ላይ ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን አድርጋለች። ልቤን አላሳየችንም፤ ጣቷን ዝቅ አድርጋ ከጎኑ ያለ አንድ የሚያበራ ነገር ላይ አሳረፈች።

«ይሄ ጣፊያህ ነው» አለች።

ጣፊያ! ስለ ልብ መጥተን ስለ ጣፊያ ልናወራ ነው ብዬ ገረመኝ። እሷ ግን ቀጠለች። ያ መድኃኒት በደንብ ከሠራ፣ ጣፊያ በሥዕሉ ላይ ይደበዝዛል። የእኔ ከመድኃኒቱ በፊትም በኋላም እኩል ያበራል። መድኃኒቱ አልሠራም ማለት ነው። መድኃኒቱን ደግሞ ቀድሞ ገብቶ የሚያከሽፈው አንድ የታወቀ ነገር አለ።

መነጽሯን አወለቀች። «አያና፣ ቡና ጠጥተሃል?»

ኦርታል መተርጎም አላስፈለጋትም። ደብሬ በመቀመጫዋ ሙሉ በሙሉ ዞራ አየችኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ቦርሳ ፈትሼ፣ የራሴ ጣፊያ ፈተሸኝ።

«የለቅሶ ነው» አልኩ።

ዶክተሯ አልገባትም። ኦርታል ረጅም ማብራሪያ ጀመረች፤ ስለ እመት ብዙዬ፣ ስለ ሽማግሌዎቹ፣ እምቢ ማለት እንዴት ነውር እንደሆነ። ዶክተር ኖጋ መጀመሪያ አፏን በእጇ ያዘች፣ ቀጥሎ ሳቀች፣ ኦርታልም ሳቀች፣ እኔም ልስቅ ስል ዶክተሯ ሳቋን አቋርጣ ወደ ስክሪኑ ዞረች።

«በዚያ ሥዕል አምነን ልንለቅህ ነበር» አለች። «ልቡ ደህና ነው ብለን ጽፈናል።»

ማክሰኞ ደረቴ ላይ የተቀመጠው ሰው ትዝ አለኝ። ያኔ ነገርኳት። ስለ አውቶቡሱም፣ ስለ ፎቁም፣ ስለ ፕላስቲኩ አበባም። ኦርታል እየሰማች ከንፈሯን ነከሰች። ዶክተሯ ምላስ ሥር የሚረጭ መድኃኒት ሰጠችኝ፤ ደረቴን ከያዘኝ እንድረጨው፣ ካልተወኝ ደግሞ አምቡላንስ እንድጠራ። ፔቱ ይደገማል አለች፣ እስከዚያ ሥራ የለም።

ደብሬ እስከ ቤት አንድ ቃል አልተናገረችም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሞኝ ነኝ። በሁለት ሲኒ ቡና ልሞት ነበር፣ ለዚያውም ስኳር አንሶት።

ሰኞ፣ ዲሴምበር 1

ደብሬ ስትጠብቀኝ ዋለች። ቆሻሻ ጥዬ ስመለስ አፌን አሸተተችኝ። ጊቫት ኦልጋ ላሉት ሁሉ ደውላ «አያና ቡና ቢለምናችሁ አትስጡት» ብላ አስነግራለች። ናሓል ሀደራ መናፈሻ ባሕር ዛፎቹ ሥር ቀስ ብዬ ስራመድ አንዲት ጨርሶ የማላውቃት ሴት ከነልጆቿ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ አየችኝና ቴርሞሷን ከኋላዋ ደበቀች። «ይማሩ፣ አባባ» አለችኝ።

ኦርታልን ማታ ብቻዋን አግኝቼ «እንክፈተው ካሉ ይክፈቱኝ» አልኳት። ልጅቷ እጄን ይዛ ምንም አልተረጎመችልኝም።

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 2

ሁለተኛ ፔት። ያችው ሊሮን። መድኃኒቱ ሲገባ ፊቴ ተቃጠለ፣ ትንፋሼ አጠረ፣ ያ መካከለኛ ሰው መጥቶ ደረቴ ላይ ተቀመጠ። እጇን ጨብጬ ያዝኩ።

«አሁንስ ይሰማሃል?»

ይሰማኛል። ሁሉም ነገር ይሰማኛል።

ሐሙስ፣ ዲሴምበር 4

ጣፊያዬ ደብዝዟል። እንዲህ ደስ ያለኝ ደብዛዛ ነገር የለም።

ዶክተር ኖጋ ሁለቱን ሥዕሎች አንዱን ባንዱ ላይ ደረበቻቸው። የሲቲው ሥሮች በፔቱ ቀለም ላይ ዛፍ ላይ እንደ ወጣ ሐረግ ተጠመጠሙ። ፊተኛው ትልቅ ሥር የሚመግበው ቦታ፣ ልብ ሲሮጥ ጥቁር ሰማያዊ ሆነ። ደሙ በቂ አይደርሰውም። የሁለቱ ሌሎች ጠባቦች ማሳ ግን ደህና ቀለም ነበረው፤ ጠበው ቢታዩም ደም እየደረሰ ነው።

ስለዚህ ደረት መክፈት የለም። አንድ ስቴንት፣ ለፊተኛው ብቻ። የመጀመሪያው ሥዕል ብቻ ቢታመን ኖሮ ለሦስቱም ይከፍቱኝ ነበር፤ የቡናው ሥዕል ቢታመን ደግሞ ማንም ሳይነካኝ እዚያው በር ላይ እወድቅ ነበር።

«ሁለቱስ?» አልኩ።

«ከእነሱ ጋር በክኒን ትኖራለህ» አለች።

ደብሬ ከዚያ ሐሙስ ወዲህ እኔ ባለሁበት ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች። «እኔስ ከሱ ጋር ያለ ክኒን ኖሬ የለ!» ኦርታል ይህን ቃል በቃል ተረጎመች።

ሰኞ፣ ዲሴምበር 8

በግራ እጄ ነው የምጽፈው። በቀኝ አንጓዬ ገቡ። ነቅቼ ነበር። ሽቦው ሲገባ አልተሰማኝም፣ ዶክተሩ ዘፈን ያንጎራጉር ነበር።

አንድ ስቴንት። ዮራም በአንድ ይበልጠኛል።

ዓርብ፣ ዲሴምበር 12

ለሰንበት ደብሬን ላግዝ ብዬ ከቁምሳጥኑ በታች መጥበሻ ስፈልግ አንድ ድስት አገኘሁ። ድስት ማለት ይበዛዋል፤ እኔ ተጣጥፌ ልገባበት እችላለሁ። የእኛ አይደለም።

«ይህ የማን ነው?»

ደብሬ ቧንቧውን ከፈተች። «የጸሎት ቤቱ።»

«ለምን መጣ?»

«ቡናህ የተጋለጠ ዕለት ከሐኪሟ ስንመለስ ሄጄ ተዋስኩት።»

«ለምን?»

ቧንቧውን ዘጋችው። «ለተዝካርህ ነዋ! በዚህ ቤት ድስት ስንት ሰው ይበላል? ሰው መጥቶ እንዳያፍርብህ ብዬ።»

መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅሁ። እሷም ሳቀች፣ መሐረቧን አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ። ትንሽ ቆይቼ ትከሻዋ ሳቁ ካለቀ በኋላም እንደሚንቀጠቀጥ አየሁ። ደብሬ አታለቅስም። ከአገር ስንወጣም አላለቀሰችም። ተነሥቼ ያዝኳት።

«ማታ ማታ ትንፋሽ አለህ ወይ ብዬ እጄን አፍንጫህ ሥር አደርግ ነበር» አለችኝ።

አውቃለሁ። ነቅቼ ነበር። እንዳትደነግጥ የተኛሁ መስዬ በደንብ እተነፍስላት ነበር። እሷ ስትጨርስ ዞራ ትተኛለች፣ እኔ ጣራውን እያየሁ አነጋለሁ። እዚህ ደብተር ላይ ራት በዝቶብኝ ነው ብያለሁ፤ ራቱ አልነበረም። ፈርቼ ነበር። ሞትን ፈርቼ ነበር፣ እሷን ብቻዋን መተውን ደግሞ ከሞቱ ይልቅ ፈርቼ ነበር። ይህንኑ ነገርኳት። በአማርኛ፣ ፊት ለፊት።

ዓይኗን አበሰችና ድስቱን አየችው። «እሑድ እመልሰዋለሁ።»

«ባዶውን አይመለስም» አልኳት። «ቁም ተዝካር የሚሉት አለ አይደል? ሰውየው በሕይወት ሳለ የሚደገስለት። ድስቱን ሙሊው፤ ባለ ተዝካሩ እኔው ራሴ ቁጭ ብዬ ልብላ። ሁሉንም እንጥራ፤ ዮራምንም፣ ዶክተር ኖጋንም።»

ትንሽ አሰበች፣ በጣቷ ሰው መቁጠር ጀመረች፣ ሲበዛባት ተወችው።

«ላንተ ግን ለብቻህ ያለ ጨው ነው የምሠራልህ» አለች።

በገዛ ተዝካሬ ላይ ጨው የተከለከልኩ እኔ ብቻ ልሆን ነው። ይሁን፣ እበላዋለሁ።